ስኳር ገባ!

መቼም ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ድሮ ሱቅ ወሬ ከተነሣ ሁለት ትዝታ አያጣም። አንዱ የአረብ ቤት ነው። ይሄኛው ለምን እንደሚናፈቅ ግልጽ ነው። የመናዊው ባለሱቅ በዱቤ ይሰጣል፣ የሰፈሩን ሰው በስም ያውቃል፣ ለተላከ ልጅ ከረሜላ ይመርቃል። ሁለተኛው ትዝታ ግን ይገርመኛል፤ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ! ዱቤ አያውቅ፣ ምርቃት አያውቅ፣ ግማሽ ቀን ያሰልፋል፤ ሆኖም ስንቱ ነው "እሱ እኮ ደግ ጊዜ ነበር" እያለ የሚያነሣው።

ኅብረት ሱቅ የቀበሌ ልጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎችና ከ280 በሚበልጡ ቀበሌዎች ተከፋፈለች። ቀበሌው የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ ጥበቃ ነበረው፤ የቤት ኪራይ ይሰበስባል፤ ሱቅም ከፈተ። ያን ያህል ቅርንጫፍ ያለው ቸርቻሪ በከተማይቱ ከዚያ በፊት አልነበረም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ዕቃ መምጣቱ የሚሰማው በአፍ ነው። "ስኳር ገባ!" ከተባለ ሰፈሩ ይተራመሳል። ዘንቢሉ ተራ ይይዛል፣ ጀሪካኑ ተራ ይይዛል፣ ሌላ ነገር የጠፋ ዕለት ድንጋይም ተራ ይይዛል፤ ድንጋዩን ወክሎ ቁርሱን በልቶ የሚመለስ ሞልቷል (ድንጋዩን ገፍቶ የሚገባም እንዲሁ፣ ጠቡ ደግሞ ለብቻው ነው)። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ተጽፏል። ስኳሩም፣ ጨውም፣ ሳሙናውም፣ ላምባውም በዚያው ልክ ነው። ባለሱቁ ይመዝናል፣ ካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አለቀ። ክርክር የለም። ሰልፉ ላይ ግን የማይሰማ ወሬ የለም፤ ማን አገባች፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዘገበ። ቡናዋን በጨው የምትጠጣ ጎረቤት የስኳር ድርሻዋን ሰጥታ ሳሙና ትወስዳለች። ጉዳይ ያለባት ካርዷን ለጎረቤት አደራ ትላለች። ሰው የናፈቀው ስኳሩን ነው ወይስ ይሄንን? እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል። ዋጋው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ባለፈው ወር የከፈልከውን በዚህም ወር ትከፍላለህ። ዘይት ልግዛ ብሎ ወጥቶ ዋጋ ሰምቶ ባዶ እጁን ለሚመለስ የዛሬ ሰው ይሄ ተረት ነው የሚመስለው።

ካርዱ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ስብሰባ ያልወጣ፣ መዋጮ ያልከፈለ፣ ለሰልፍ ተጠርቶ የቀረ ሰው ካርዱ ሊያዝበት ይችላል። ካርድ ከተያዘ ደግሞ ልጆች አሉ። ስለዚህ እናት እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ አዳራሽ ትገባለች፤ የሚባለው ቢገባትም ባይገባትም ታጨበጭባለች። በትዝታ ጨዋታ ላይ ይሄ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ከዚህ የባሰ የሚዘለለው ግን የጤፉ ነገር ነው። ያ ርካሽ ጤፍ ከየት ነበር የሚመጣው? መንግሥት በ1960ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ሰብል ገበያ የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ድርጅቱ በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ጥሎ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይገዛል፤ ዋጋውም ለዓመታት ፈቅ አይልም። በየመንገዱ ኬላ ተተከለ፤ ነጋዴው ከጫነው ላይ ለድርጅቱ ያካፍላል። በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ንግድ ጭራሹን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። አዝመራው ያልሰመረለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። በሬ ሸጦ ጤፍ የገዛ ገበሬ እንግዲህ ለእኛ ሰፈር ሱቅ ነው የገዛው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ደርግ ከተማን ይፈራ ነበር፤ መፍራቱም አይፈረድበትም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨመር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ተከታተለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዓመቱ ሳይዞር ወረዱ። ያንን ያየ መንግሥት የአዲስ አበባ እንጀራ እንዳይወደድ ቢጠነቀቅ ምን ይገርማል? ገበሬው ሩቅ ነው፣ ድምፁም አይሰማም። እናም ኅብረት ሱቅን ስናመሰግን ካርድ ያልነበረው፣ በሰልፉ ያልቆመ፣ ግን ከሁላችንም በላይ የከፈለ ሰው እንዳለ ማንሣት ይገባናል ባይ ነኝ።

አዘጋጉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው ሱቆቹን የዘጋው ኢሕአዴግ ይመስለዋል። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደርግ ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ፤ ገበሬውም እህሉን ደህና ዋጋ ለሰጠው መሸጥ ጀመረ። የድርጅቱ ግዢ ወዲያው አሽቆለቆለ። ኅብረት ሱቁ ምንጩ ደረቀበት ማለት ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተቀረውን ገበያው ጨረሰው። ከሱቆቹ አንዳንዶቹ ለነጋዴ ተከራዩ፣ አንዳንዶቹ መዝናኛ ክበብ ሆኑ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በሸማቾች ማኅበር ስም ሰነበቱ።

ሰልፉ ግን ጨርሶ አልቀረም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ለከተማው ድሃ በቀበሌ በኩል የድጎማ ስንዴ ይሸጥ ነበር፤ ይሄኛው ስንዴ ከጎጃም ሳይሆን ከውጭ በዶላር የተገዛ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አደረገ፣ ወራት ሳይቆይም ከአብዛኛዎቹ ላይ አነሣው። ስኳርና ዘይት ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ሲያሰልፍ ወጣቶቹ "ይሄ ምን ጉድ ነው!" እያሉ ተማረሩ። እናቶቻችን ግን ምንም አላሉም፤ ዘንቢላቸውን ተራ አስይዘው ጥላ ወዳለበት ሄዱ።