ወደ ሐረር ያልወጣው ሐዲድ

በባሌ ምድር፥ ከብድሬ እስከ ሮቤና እስከ ጎባ፥ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ሐዲድ የሌለው አገር ስለ ሐዲድ ምን ያወራል የሚል ቢኖር፥ የሐረርን ነገር ያስታውስ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡርን ሥራ ሲፈቅዱ፥ ውሉ መንገዱን በሦስት ክፍል ከፈለው፤ መጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ገደላማ፥ ወጪውም እጅግ ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በዚያም ድሬ ዳዋ ተቈረቈረች። ከዚያ ወደ ሐረር የሚወጣ ቅርንጫፍ ግን ሳይሠራ ቀረ። የሐረር ነጋዴም ቡናውን በከብት ጭኖ ወደ ጣቢያው ይወርድ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለ ወደቀ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ስፋቱም 1 ሜትር ነበር።

በዚያን ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም በድሬ ዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በእንፋሎት የሚሄድ በመሆኑም ውሃ ለመቅዳት በየጣቢያው ይቆም ነበር፤ ባቡር በቆመበትም ብዙ ጊዜ ገበያ ቆመ። ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሳለሙ ምእመናንም እስከ ድሬ ዳዋ በባቡር ሄደው ከዚያ ተራራውን ይወጡ ነበር።

ከሮቤ በአሰላ አድርጎ ወደ አዳማ የወረደ የባሌ ሰው ሐዲዱን በዚያ ያገኘው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ከአዳማ እስከ ዲላ የሚደርስ ቅርንጫፍ ቢታሰብም ሳይሠራ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ወደ ባሌ አልመጣም፤ ወደ ሐረርም አልወጣም።

እንግዲህ መሐንዲስ የሚያሰምረው መስመር አንዱን ስፍራ ያነሣል፥ ሌላውንም ያልፋል። ከሐረር ንግድ ብዙው ወደ ድሬ ዳዋ ወረደ፤ ሐረር ግን ሐረርነቷን አላጣችም። የታለፈ አገር ቆሞ አይጠብቅም፤ ጭነቱን ጭኖ፥ መንገዱን ራሱ ጠርጎ ይኖራል። የባሌ አባቶችና እናቶችም እንዲሁ ኖረዋል።