የማይታየው ጨረር ታሪክ
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደ ተፈጸመ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። በዚያ እሑድ አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ተሰልፈው የአገራቸውን ነጻነት በደማቸው አጸኑ። ነገር ግን በዚያው ዕለት፥ በአውሮጳ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896፥ በፓሪስ ከተማ ሌላ ታላቅ ነገር መፈጸሙን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። አንሪ ቤክሬል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ከመሳቢያው ያወጣውን የፎቶግራፍ መስተዋት ሲያጥብ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያላወቀውን የተፈጥሮ ኀይል አገኘ። እኔም በዕውቀት ገና ጀማሪ ብሆን፥ ይህ ግኝት ከፓሪስ ተነሥቶ እስከ ሰፈራችን እስከ ሰንጋ ተራ አጠገብ እንዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን ካገኘ ገና ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ቤክሬልም የዩራኒየም ጨው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት እንዲህ ያለ ጨረር ያወጣ እንደ ሆነ ለመመርመር ፈልጎ፥ መስተዋቱን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ጨዉን ከላዩ አኖረ። ዳሩ ግን ሰማዩ ደመና ስለ ሆነበት ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቢያጥበው፥ ፀሐይ ሳይነካው የጨዉ ምስል በግልጥ ታትሞበት አገኘ። እንግዲህ ጨረሩ የመጣው ከፀሐይ ሳይሆን ከራሱ ከዩራኒየሙ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማሪ ኩሪና ባልዋ ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ማሪ ኩሪ ብዙ ኩንታል የማዕድን ድንጋይ አስፈጭታና አፍልታ፥ በ1902 እ.ኤ.አ. ያገኘችው ንጹሕ የራዲየም ጨው የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ስለ ድካምዋ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች፤ ነገር ግን ጨረር ሰውነትን እንደሚጎዳ በዚያ ዘመን በሚገባ ስላልታወቀ፥ በ1934 እ.ኤ.አ. በደም ማነስ በሽታ ሞተች። የጻፈችባቸው ደብተሮች ዛሬም ጨረር ስለሚያወጡ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ይጠበቃሉ።

ይህ ጨረር ከወዴት ይመጣል? ራዘርፎርድና ሶዲ የተባሉ ሊቃውንት በ1902 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፥ አንዳንድ አቶሞች በባሕርያቸው ጽኑ ስላልሆኑ ጨረር እያወጡ ወደ ሌላ ዓይነት አቶም ይለወጣሉ። ከአቶሞቹ መካከል የትኛው መቼ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ብዙ ሆነው ሲታዩ ግን ሕጋቸው አይዛነፍም። ይህን በክፍላችን በሳንቲም ሞክረነዋል። 100 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ በትነን ጎፈር የወጣውን አነሣን፥ ዘውድ የወጣውን እንደገና በተንን። በመጀመሪያው 52 ቀረ፤ ቀጥሎ 27፤ ቀጥሎ 12፤ ከዚያም 7። የትኛው ሳንቲም እንደሚወድቅ ከመካከላችን ማንም ሊናገር አልቻለም፤ በየጊዜው ግማሽ ያህሉ እንደሚቀር ግን ሁላችንም ዐወቅን። የአቶሞቹ ግማሽ እስኪለወጥ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ «ግማሽ ዕድሜ» ይባላል። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት ያህል ነው።

ጨረር አይታይም፥ አይሸትም፥ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሊጠቀምበትም ሆነ ሊጠነቀቀው የሚችለው መመርመሪያ መሣሪያ ሲኖረው ነው። ከሁሉ የታወቀውን መሣሪያ ጋይገርና ሙለር በ1928 እ.ኤ.አ. ሠሩ። ይኸውም ጋዝ የተሞላ ቱቦ ሲሆን በመካከሉ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ያለበት ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል። ጨረር በገባ ቁጥር ከጋዙ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ይነቅላል፤ እነርሱም ወደ ሽቦው ሲሮጡ ሌሎችን እየነቀሉ ስለሚበዙ፥ መሣሪያው «ጠቅ» ብሎ ይቆጥራል።

የአቶሞች ሕግ ለአገራችን ታሪክ ታላቅ ምስክር ሆኗል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋን በአንደበቷ አልነገረችንም፤ የነገረን በዚያ ስፍራ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣል። ሊቃውንት የተጠራቀመውን አርጎን ለክተው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ኖረች ዐወቁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከሰንጋ ተራ ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ረጅም የእግር መንገድ አያስፈልግም። በ1997 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጨረር ሕክምና በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት እርዳታ በዚያ ተጀመረ። የሚሠራውም በኮባልት 60 ነበር፤ ጋማ ጨረሩ በዕጢው ላይ ተነጣጥሮ ክፉውን ሥጋ ይገድላል። ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ሌላ እንዲህ ያለ ስፍራ ስላልነበረ፥ ሕመምተኞች ከየክልሉ ዳርቻ እየመጡ ወራት ተራ ይጠብቁ ነበር።

የሳንቲሞቹ ትምህርት ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5 ዓመት ከ3 ወር ያህል ነው። መኪናው አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ ይበቃው የነበረ ሕመምተኛ፥ ኮባልቱ ካልተለወጠ ከ5 ዓመት ከ3 ወር በኋላ 4 ደቂቃ፥ ከ10 ዓመት ተኩል በኋላ 8 ደቂቃ ከጨረሩ ሥር መተኛት አለበት። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር እየቀነሰ፥ ተራ የሚጠብቀው እየበዛ ይሄዳል። ኮባልቱ የእኛን በጀት፥ የእኛን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ የሕመምተኛውም ዕጢ እንዲሁ። ዛሬ በጥቁር አንበሳም ሆነ በጅማ በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጭ አዲስ መኪና ተተክሏል፤ ይህም ቢሆን የሚያውቀውና የሚጠግነው ሰው ከሌለ ያው ብረት ነው።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ፥ ከሩቅ አገር የመጣ፥ የራጅ ፊልም በብብቱ የያዘ ሰው የሆስፒታሉን መንገድ ይጠይቀኛል። እስካሁን ላደርግለት የቻልኩት በጣቴ ማመልከት ብቻ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ የዓድዋን ቀን በየዓመቱ በኩራት እናከብራለን፤ የሚገባም ነው። በዚያው ቀን የተከፈተው ሌላው በር ግን በጦር አይያዝም፤ የሚያዘው በትምህርትና በትዕግሥት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ከምንለቀው መካከል ጥቂቶቻችን ፊዚክስንና ሕክምናን ይዘን ብንመለስ፥ መንገድ ጠቋሚ ብቻ ሆነን አንቀርም።