የቃል ትምህርት

የቃል ትምህርት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው መጽሐፍ ሳይዝ ጸሎትን ከመምህሩ እየሰማ በቃሉ የሚያጠናበት ዘዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ማታ ነው። መምህሩ ወይም ከፍ ያለ ተማሪ ይነግራል፤ ጀማሪው ተቀብሎ ይደግማል።

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በአብነት ትምህርት ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል።

የመደጋገምን ጥቅም በሙከራ ከለኩት ቀዳሚው ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ኸርማን ኤቢንግሃውስ (1850–1909 እ.ኤ.አ.) ነው። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና፣ ቆይቶ እንደገና ለማጥናት የሚወስድበትን ጊዜ መዘገበ። በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ውጤት፣ በድጋሚ ጥናት የተረፈለት ጊዜ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44%፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34%፣ ከ31 ቀን በኋላ 21% ገደማ ነበር። መርሳት መጀመሪያ ይፈጥናል፤ በኋላ ይዘገያል። ድግግሞሹን በቀናት መከፋፈል በአንድ ጊዜ ከማብዛት እንደሚሻልም አሳይቷል። ትርጉም ያለውን ግጥም ለመያዝ የፈጀበት ድካም ግን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር።

ግእዝ ገና የማያውቅ ጀማሪ የሚይዘው የቃላቱን ድምፅ እንጂ ትርጉማቸውን አይደለም። ስለዚህ ያጠናውን እንዳይረሳ የየዕለቱ ክለሳ ያስፈልገዋል፤ ትርጉሙን በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያገኘዋል።