የጉልበት መገጣጠሚያ

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት፣ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ብዙ ጊዜ ከክርን ጋር፣ እንደ በር ማጠፊያ በአንድ መስመር ብቻ ከሚታጠፉት ይመደባል፤ ምደባው ግን ጎደሎ ነው። ጉልበትን አጥፎ ለተቀመጠ ሰው፣ ጭኑ ሳይነቃነቅ ቅልጥሙ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይዞራል። ይህ ዙር የቁርጭምጭሚት ነው የሚል ይኖራል፤ ሆኖም ቅልጥሙን ከጉልበቱ ሥር በእጁ የያዘ ሰው አጥንቱ ራሱ ሲዞር ይሰማዋል። እግር ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋም ቅልጥም መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ዞር ብሎ መገጣጠሚያውን ያጸናል፤ ቆሞ መቆየትን የሚያቀልለው አንዱ ይኸው ነው። ዙሩ ትንሽ ነው ተብሎም መተው የለበትም፤ በእግር ኳስ ሜዳ የጉልበት ጅማትና በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት ብዙ ጊዜ የሚቀደዱት፣ እግር መሬት እንደረገጠ ሰውነት ሲጠመዘዝ ነው።