ስለ ተቃጠለው ቡና

በብራዚል አገር ከ1931 እስከ 1944 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመንግሥት ትእዛዝ እሳት የበላውና ወደ ባሕር የተጣለው ቡና 78 ሚሊዮን ጆንያ ያህል ነበር። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል። ይህም የዓለም ሕዝብ በዚያ ዘመን በሦስት ዓመት ይጠጣው የነበረውን ያህል ነው። የተቃጠለበትም ምክንያት መብዛቱ ነበር።

እኛ መምህራን ስለ ክፉ ዘመን ለማስተማር ስንነሣ ድርቅን፣ አንበጣንና የከብት እልቂትን እንጠቅሳለን፤ አባቶቻችን ያዩት መከራ ይኸው ነውና ተገቢ ነው። መከሩ ሰምሮ ገበሬው ስለ ደኸየበት ዘመን ግን እምብዛም አናወሳም። እጩ መምህራን ነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ ተረት ይመስላቸዋል።

ቡና ከአገራችን ደቡብ ምዕራብ ደን ተነሥቶ በየመን በኩል ወደ ዓለም ከተሠራጨ በኋላ ብራዚል የገባው በ1727 ዓ.ም. ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የሳኦ ፓውሎ ቀይ አፈር፣ የባሮች ጉልበት፣ ባርነት በ1888 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህም ከኢጣልያ የፈለሱት ሠራተኞች ድካም፣ እስከ ሳንቶስ ወደብ ከተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ጋር ተባብረው ያችን አገር የዓለም የቡና ጎተራ አደረጓት። የቡና ዛፍ ግን እንደ ጤፍ አይደለም። ዋጋ ሲወደድ የተተከለው ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ተክል አብሮ ስለሚደርስ ዋጋው ይወድቃል። ጤፍ ያልበጀው ገበሬ ለከርሞ ባቄላ ይዘራል፤ ቡና የተከለው ግን ዛፉ ለብዙ ዓመት ስለሚያፈራ ዋጋው ቢረክስም መልቀሙን አይተውም። በሒሳብ መጻሕፍታችን አንድ ዛፍ ይህን ያህል ቢያፈራ መቶው ስንት ያፈራል ተብሎ ይጠየቃል፤ ማን ይጠጣዋል የሚል ጥያቄ ግን አላየሁም።

በ1906 ዓ.ም. ወደ 20 ሚሊዮን ጆንያ የሚሆን ምርት ሊደርስ ሲቃረብ፣ የሳኦ ፓውሎ፣ የሚናስ ዤራይስና የሪዮ ዴ ዣኔሮ ገዢዎች በታውባቴ ከተማ ተሰብስበው፣ ትርፉን በብድር ገንዘብ ገዝቶ በመጋዘን ለማቆየት ተስማሙ። ዋጋው ዳነ፤ በመዳኑም ሌላ ችግኝ ተተከለ። በ1929 ዓ.ም. የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ መጋዘኑ ሞልቶ፣ አበዳሪም ጠፍቶ ተገኘ። እሳቱ የተለኰሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቡና በባቡር ምድጃ ውስጥ እንደ ከሰል የነደደበትም ጊዜ ነበር። ይባስ ብሎ ብራዚል ስታቃጥል ኮሎምቢያና ሌሎችም አገሮች እርሻቸውን አስፋፉ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ሥራ ያጣው ሰው ለዳቦ ይሰለፍ ነበር፤ ጠጪ አልጠፋም፣ የጠፋው መግዣው ነው።

በ1962 ዓ.ም. አምራቾችና ገዢዎች በኒውዮርክ ተዋውለው ለየአገሩ የሽያጭ ድርሻ ወሰኑ። ለብራዚል 18 ሚሊዮን ጆንያ ሲደርሳት የቡና መገኛ ለሆነችው ለኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን ያነሰ ደረሳት። ውሉ ጉድለት እንዳለበት ባይካድም፣ በእኔ አስተያየት ገበሬውን ደግፎት ነበር። የድርሻው ሥርዓት በ1989 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ቀጥሎም ቬትናም በብዙ አምርታ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች፤ በ2001 ዓ.ም. ገበያው ዳግመኛ ተጥለቀለቀ። ለልጁ ደብተርና ልብስ ከቡናው ሽያጭ ይገዛ የነበረው የአገራችን ገበሬ የለቀማውን ወጪ እንኳ መመለስ አቃተው። በሐረርጌም ብዙዎች የቡና ዛፋቸውን ነቅለው በምትኩ ጫት ተከሉ።