ከሊዬዥ እስከ አንኮበር፦ ያገለገለ ጠመንጃ፣ የተጎዳ አፈ ሙዝና የገዢው ዕውቀት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1885 አርተር ራምቦ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሊሸጣቸው ስላሰባቸው ጠመንጃዎች ምንም ሳያለሳልስ ተናግሯል። መሣሪያዎቹ በካፕሱል የሚተኩሱ፣ ከሠራዊት አገልግሎት ከተገለሉ አርባ ዓመት የሆናቸው አሮጌዎች ነበሩ። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል፤ ሸዋ ሲደርስ ወደ 40 ፍራንክ ያወጣል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ባለቅኔው የንግድ ስግብግብነት ነው። ይህ አተራረክ ጎደሎ ነው። ምኒልክ የራምቦን ሟች ሸሪክ የላባቱን ዕዳ ከዋጋው ላይ ቀንሰውበታል፤ የተረፈውንም ትርፍ የቅፍለት ወጪ በልቶታል። ከትርፉ ይልቅ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ዕውቀት ነው፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በምን መንገድ ሊያውቅ ይችል ነበር?

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ስለ ያገለገሉ መኪናዎች በሚያወሳ ጽሑፉ ይህንኑ ጥያቄ ለምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አቅርቦታል። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚከስረው የደኅናው ዕቃ ባለቤት ደግሞ ከገበያው ይወጣል። ያገለገለ ጠመንጃ ከመኪና የባሰ ምሳሌ ነው ማለት ይቻላል። ሰደፉ ተወልውሎ፣ ብረቱ ዘይት ተቀብቶ ሲቀርብ ዓይን ይማርካል፤ ዋጋውን የሚወስነው ጉዳት ግን የጣት ጫፍ በሚሸፍነው ስፍራ፣ በአፈ ሙዙ ጠርዝ ላይ ይደበቃል።

ከጠመንጃው ክፍሎች ሁሉ አረሩን በመጨረሻ የሚነካው ይህ ጠርዝ ነው። የአረሩ ጀርባ ከበርሜሉ በሚላቀቅበት ቅጽበት ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በዙሪያው እኩል መውጣት አለበት። ጠርዙ በአንድ ወገን ተቆርሶ ወይም ተጨፍልቆ ከሆነ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያዘነብለዋል። በሃምሳ ሜትር ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። በሁለት መቶ ሜትር ግን አዳኙ ትከሻ ሥር ያነጣጠረበት አጋዘን ሆዱን ተመትቶ ጫካ ውስጥ ይጠፋል።

ጉዳቱ ጠመንጃ በመውደቁ፣ አፉን ወደ ታች ተደርጎ በመኪና በመጓጓዙ ሊመጣ ይችላል። ይሁንና በአሮጌ መሣሪያ ላይ በብዛት የሚታየው ጉዳት ከጥንቃቄ የመነጨ ነው። አሸዋና ቆሻሻ የያዘ የብረት መወልወያ ዘንግ ለዓመታት በአፈ ሙዙ ሲገባና ሲወጣ የበርሜሉን ጠምዛዛ ቦዮች በአንድ ወገን ይሞርዳቸዋል። የራምቦዎቹ ጠመንጃዎች በአፋቸው የሚጎርሱ ስለነበሩ ዘንግ በእያንዳንዱ ተኩስ ይገባባቸዋል። በአገራችን ሰናድር የተባለው ስናይደር ከኋላ ቢጎርስም፣ መዝጊያው ወደ ጎን የሚከፈት በመሆኑ ሲወለወል ዘንጉ ያው በአፈ ሙዙ ይሄዳል። ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ የሚሉት፣ እኛ ውጅግራ ያልነው፣ መዝጊያው ስለሚወጣ ከኋላ ሊወለወል ይችላል፤ ወታደር ሁሉ ግን ይህን ያደርግ ነበር ማለት አይደለም።

ምርመራው ቀላል መሣሪያ ነው የሚፈልገው። የጥጥ ቁራጭ ከበርሜሉ ውስጥ ወደ ውጭ በጠርዙ ላይ ሲሳብ፣ ክር የያዘበት ቦታ ላይ የብረት እሾህ አለ። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሲታይ በበርሜሉ ውስጥ ጥቁር የጥላ ቀለበት ከታየ፣ ጭቃ ወይም ሌላ ነገር ዘግቶት ሳለ ተተኩሶ ብረቱ ማበጡን ያመለክታል። ከጥቂት ተኩስ በኋላ በጠርዙ ዙሪያ የሚቀረው ጥላሸት በእኩል ጨረር ከተሰራጨ መልካም ምልክት ነው።

ጥገናውም እንደ ጉዳቱ ይለያያል። ትንሽ ሻካራነት ድቡልቡል ራስ ባለው የነሐስ ብሎንና በመፋቂያ ቅባት ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ከዚያ የጠለቀው ቶርኖ ይፈልጋል፤ ጠርዙ ከበርሜሉ መሐል መስመር ጋር ፍጹም ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሠራ ይገባዋልና። በእጅ ሞረድ የሚደረግ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ይብሳል። ሶቪየት ኅብረት ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካደሰቻቸው የሞሲን ጠመንጃዎች በብዙዎቹ ላይ የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው፦ በርሜሉ ሳያጥር የተበላው የአፍ ክፍል ከውስጥ ሰፋ ተደርጎ ይቦረቦራል፤ አረሩም ጤነኛው ቦይ በሚያበቃበት ይላቀቃል።

ቆርጦ ማሳጠር ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። የጣሊያኑ ካርካኖ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የ1891ዱ ረጅም ጠመንጃ ቦዮች ወደ አፈ ሙዙ ሲቃረቡ ጥምዝምዛቸው እየጠበቀ የሚሄድ ነበር። ጣሊያን ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረጅሞቹን ቆርጣ አጭር የ91/24 ሞዴል ስታደርጋቸው፣ የተጣለው አረሩን በበቂ ፍጥነት የሚያሽከረክረው ክፍል ነበር። ለጥገናም ሆነ ለቅለት ሲባል የሚቆርጥ ሰው ምን እየቆረጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አውሮፓ ለዚህ የዕውቀት ክፍተት ያበጀችው ተቋም ነበራት። ሊዬዥ፣ ለንደንና በርሚንግሃም በርሜልን ከመደበኛው በላይ በሆነ ባሩድ ፈትነው ማኅተም የሚመቱ የፍተሻ ቤቶች ነበሯቸው፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1868 ዓላማውን በሕግ አጽንታዋለች። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመሰክረው በርሜሉ እንደማይፈነዳ ብቻ ነው። አፈ ሙዙ የተበላ ጠመንጃ ፈተናውን በክብር ያልፋል። ዓለም አቀፍ ሕግም አፈ ሙዝን ያየው ለሌላ ምክንያት ነበር፦ የ1890ው የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባን መሣሪያ ሲገድብ፣ ቦይ የሌላቸውን ባለ ባልጩት ጠመንጃዎች ለይቶ አላልቷል። ለዚያ ቁጥጥር የጥራት ጉዳይ ጥያቄ አልነበረም።

በሸዋ በኩል ምኒልክ ለመሣሪያ አሠራር የነበራቸውን ጉጉት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ደጋግመው መዝግበዋል። ሆኖም ሁለት ሺህ ጠመንጃ በአንድ ንጉሥ ዓይን አይፈተሽም፤ ብረት የሚያውቅ፣ የሚከበርና ቃሉ የሚሰማ ባለሙያ ይፈልጋል። ያ ባለሙያ ቀጥቃጭ እየተባለ ይናቅ ነበር። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ማወጃቸው ችግሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

የዕቃው ጉዞ ዛሬ ተገልብጧል። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የቆዩ ግራ፣ ቬተርሊና ካርካኖ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገበያ ደርሰው በሰብሳቢዎችና በአዳኞች እጅ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን መሣሪያ ጥንታዊ ብሎ ከመደበኛው የሽያጭ ቁጥጥር ነፃ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከሁሉ ያረጀው ጠመንጃ በአነስተኛ ጥያቄ እጅ ይለውጣል። ገዢው ዕቃውን ሳያይ በደረጃ ስያሜ ብቻ ያዝዛል፤ ሳጥኑን ከከፈተ በኋላ ጥጥና ባትሪ ይዞ አፈ ሙዙ ላይ ይጎነበሳል። አፈ ሙዙ ተበልቶ ካገኘው ደግሞ የቶርኖ ባለሙያው የሚጠይቀውን ክፍያ ከጠመንጃው ዋጋ ጋር ያነጻጽራል።