ቅጂ

«ቅጂ» ከ«ቀዳ» የወጣ ቃል ነው፤ «መቅጃ»ም የዚያው ዘር ናት። መካ ላይ ሐጃጁ ዘምዘም ይቀዳል፤ ጸሐፊ መጽሐፍ፣ ሠዓሊም ሥዕል ይቀዳል። ቃሉ ከምንጩ መውሰድን እንጂ ማጭበርበርን አይናገርም።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስታብስ እ.ኤ.አ. በ1762 ገደማ የሣለው የእሽቅድምድም ፈረስ፣ «ዊስልጃኬት»፣ ለንደን በናሽናል ጋለሪ ይገኛል። የፈረሱ አያት «ጎዶልፊን አረቢያን» ነው፤ ስሙም ዐረብ ይለዋል። ይኸው ሥዕል ጅዳ ውስጥ ሳሎን ቢሰቀል፣ በእጅ የተሣለ ከሆነ ቅጂ፣ ከማሽን የወጣ ከሆነ ኅትመት ይባላል። መለየቱ አይከብድም፦ ከጎን መብራት ሲበራበት የቅጂው ጋማ ላይ ብሩሹ የተወው የቀለም ሸንተረር ጥላ ይጥላል፤ ኅትመቱ ግን ልሙጥ ነው። የስታብስ ፊርማ ታክሎበት እንደ ኦሪጅናል ከተሸጠ ደግሞ ፎርጅድ ነው።